የፋናዬ ሁለተኛ ወረቀት

ፋናዬ ሰው ፊት ቆሞ የመናገር ልማድ የላትም። ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ናት፤ ባሏ በደረሰው ዲቪ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከገባች አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ግሮቭ ሲቲ ባለ ዌርሃውስ ሰው ገዝቶ የመለሰውን ልብስ እያየች ትለያለች፤ ደህናው ወዲህ፣ የተበላሸው ወዲያ። ጉልበቷ አልቋል። ዜግነት ካገኘች ወዲህ ምርጫ አምልጧት አያውቅም፤ የወደደችውን ሰው መርጣ ግን አታውቅም። «እሱ አያሸንፍም፣ ድምፅሽን አታባክኚ» ይሏታል፤ እሷም ከማትወዳቸው ሁለቱ የሚሻለውን መርጣ ትወጣለች። ምን ይለወጣል ብላ የወደዱትን መምረጥ ትታለች።

በፈረንጆቹ 2022 ጸደይ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ኢስትሙር ሰፈር ባለው የኢትዮጵያውያን ማኅበራቸው አዳራሽ ሠላሳ አንድ ሰው ተሰበሰበ። ሳሌም የምትባል የኮሌጅ ተማሪ ደብዳቤ ይዛ መጥታለች። ደብዳቤው ለኦሃዮ ሕግ አውጪዎች የሚላክ ነው፤ ከተሞች ከፈለጉ የራሳቸውን ምርጫ በደረጃ እንዲያካሂዱ ይፈቀድላቸው ይላል። አባላቱ ይፈርሙ ወይስ አይፈርሙ፣ የዕለቱ ጉዳይ ይኸው ነበር።

«ቀላል ነው» አለች ሳሌም። «አንድ ሰው ብቻ መምረጥ ቀርቶ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ መጨረሻ የወጣው ይወድቃል፤ እሱን አንደኛ ያላችሁ ሰዎች ድምፃችሁ ሁለተኛ ላላችሁት ይሄዳል።»

የማኅበሩ ሰብሳቢ አንድርያስ እጁን አወጣ። የጭነት መኪናዎችና ሁለት ዲግሪ አሉት፤ ዲግሪዎቹን ሳያነሳ ንግግር አይጨርስም።

«ሲስተር፣ እኔና አንቺ ይገባን ይሆናል። እትዬዎቹ፣ ያልተማሩት ግን ኮንፊውዝ ይሆናሉ። ፈርመን እንዳናፍር።»

ፋናዬ አቀረቀረች። ለምዳዋለች።

ሳሌም የልምምድ ወረቀት አደለች። ማዘጋጃ ቤቱ፣ ሲቲው ዘንድ ሄዶ ስለ ማኅበሩ የሚናገር ማን ይሁን? ስሞቹ ሦስት ናቸው፦ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጋሼ ገብረኪዳን፣ ሃምሳ የሞላው አንድርያስ፣ ሠላሳ ያልደረሰችው ነርስ መሰረት። ሲቆጠር ሃያ ስምንቱ ወረቀት አንድ ዓይነት ሆነ፤ አንደኛ ጋሼ፣ ሁለተኛ አንድርያስ፣ ሦስተኛ መሰረት። ማዕድ ላይ እጅ እንደሚያስታጥቡ ሁሉ በዕድሜ ደርድረዋቸዋል።

አንድርያስ ሳቀ። «አይገባቸውም አላልኩም? ደብዳቤው ይመለስ።»

ሳሌም ወረቀቶቿን መሰብሰብ ጀመረች። ያኔ ፋናዬ ሳታስበው ብድግ አለች።

«አትሰብስቢ ልጄ። አንድርያስ፣ ያልተማሩት ያልከው እኔን ነው። ነገሩ ገብቶኛል። አልተሳሳትንም፤ ዋሽተናል። ጋሼን ሦስተኛ ብዬ ብጽፍ ምን ይሉኛል ብዬ ነው። አጠገቤ ያለችው ዘርፌ ወረቀቴን ታያለቻ!»

«ኧረ እኔ አላየሁም!» አለች ዘርፌ።

«አይተሻል፤ ቀድተሻልም።»

ሰው ሳቀ። ፋናዬ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አንደኛ ያልኩዎት እንዲሄዱ ፈልጌ አይደለም። ባለፈው ሲቲው የጠራን ጊዜ ስብሰባው ሳይጀመር እንቅልፍ ወስዶዎት ነበር።»

ጋሼ ገብረኪዳን ማስካቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱ።

«ከተጀመረም በኋላ አልነቃሁም» አሉ። «ለመሆኑ እኔስ አንደኛ ማንን የጻፍኩ ይመስላችኋል? መሰረትን ነው። ልተኛበት፣ ተዉኝ።»

«በሉ እንደገና» አለች ፋናዬ። «ወንበራችሁን አራርቁ፤ ጽፋችሁ እጠፉት። ጋሼን ማክበር የፈለገ ሲወጡ በር ይክፈትላቸው።»

«ማዳም ፕሬዚዳንት!» አለ አንድርያስ።

«አቤት» አለችው፣ ወረቀት እየሰጠችው።

ከዚያ ጥግ ሄዳ ተቀመጠችና የመሰረትን ስም አንደኛ አድርጋ ጻፈች። የወደደችውን ሰው ስትጽፍ የመጀመሪያዋ ነው።

ሳሌም ጮክ ብላ ቆጠረች፤ አንድርያስ አሥራ ሦስት፣ መሰረት አሥራ ሁለት፣ ጋሼ ስድስት።

«አለቀ፤ እኔ ነኝ» አለ አንድርያስ።

«አላለቀም» አለች ፋናዬ፣ ከሳሌም ቀድማ። «አሥራ ስድስት ድምፅ አልሞላልህም። ጋሼ ይወጣሉ፤ በሳቸው ስድስት ወረቀት ላይ ሁለተኛ የተጻፈው ይነበብ።»

ተነበበ። አምስቱ መሰረት፣ አንዱ አንድርያስ። መሰረት አሥራ ሰባት ሞላላት።

«ልምምድ እኮ ነው» አለ አንድርያስ። «ደብዳቤውንም ቢሆን ቆሻሻ ውስጥ ነው የሚጥሉት።»

ፋናዬም የሚጥሉት ይመስላታል። በዚህ ዕድሜዋ ደብዳቤ የለወጠው ነገር አላየችም።

«ይጣሉት» አለች። «እነ ፋናዬ አይገባቸውም ብለው ግን አይጥሉትም።»

እስክሪብቶውን ከሳሌም እጅ ወስዳ ደብዳቤው ላይ ጎንበስ አለች። ሌሎቹም እየተነሱ ከኋላዋ ተሰለፉ። ጋሼ ገብረኪዳን በትከሻዋ ላይ አሻግረው አዩ።

«ከእኔ በፊት ልትፈርሚ ነው?»

«አዎ ጋሼ» አለች ቀና ሳትል። ስሟን በትልልቁ ጽፋ ጨርሳለች፤ የአባቷ ስም ነበር የቀራት።