ወይዘሮ በረዶ

ወይዘሮ በረዶ ብለው ስም ያወጡላት ተማሪዎቿ ናቸው። ያኔ እሷ ራሷ የምታውቀው በረዶ ክረምት የሚጥለውንና ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውን ብቻ ነበር።

አስራ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምራለች። ስለ ምድር ዋልታዎች የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ ጠመኔውን ጥላ፣ እጇን እያወናጨፈች ስታወራ ክፍሉ ጸጥ ይላል። አንድ ቀን ታዲያ ከፊት የተቀመጠች ልጅ፣ "ቲቸር፣ አይተውት ያውቃሉ?" አለቻት።

"አላየሁም" አለች። ጥያቄው ግን ሆዷ ውስጥ ቀረ።

አናጺው ባሏ ከዚያ ወዲህ ስልኩን በእጁ ይዞ አያውቅም ማለት ይቻላል። ወጥ ቤት ገብታ፣ በዱቄት ተራራ፣ በጨው ሜዳ ሠርታ፣ የበረዶ ግግር እንዴት ተገምሶ ባሕር እንደሚገባ በባሏ ስልክ የሦስት ደቂቃ ፊልም ቀረጸች። "ስልኬን ባራግፈው ዳቦ ይወጣዋል" እያለ ይስቅባት ነበር። ፊልሟ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ሲዞር ቆይቶ የትምህርት ስርጭት ክፍል አየውና ቀጠራት፤ ድምፅ መቅዳትና ምስል ማቀናበር የተማረችው እዚያ ነው። በኋላም ወደ ደቡብ ዋልታ የሚሄድ የምርምር መርከብ ሥራውን ለተማሪዎች የሚተርክ ሰው ሲፈልግ አመለከተች። ሁለት ጊዜ አልተቀበሏትም። በሦስተኛው ተሳካላት።

መርከቡ አንጀቷን እስኪያወጣ አስመለሳት። በረዶውን ስታየው ደግሞ፣ ያ ሁሉ ዓመት ያወራች ሴት ወሬዋን ትታ ካሜራዋን አነሳች። የካሜራው ባትሪ በብርዱ ቶሎ ስለሚያልቅ እንደ ጫጩት ብብቷ ውስጥ አቅፋ ታሞቀው ነበር።

ድሮ ካስተማረችበት ትምህርት ቤት ጋር በቪዲዮ በቀጥታ የምትገናኝበት ቀን ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ እናቷም ከፊት ተቀምጠዋል። ረጅም ማብራሪያ ጽፋ ይዛለች። ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳለች ምስሉ ተቋረጠ፤ ድምፅ ብቻ ቀረ። ሁሉም ግራ ሲጋባ እናቷ ተነስተው ድምፅ ማጉያውን ከርዕሰ መምህሩ እጅ ወሰዱት።

"አንቺ ልጅ፣ ካልሲ ደርበሻል?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

"ሦስት ደርቤያለሁ፣ እማዬ።"

"ፀሐይ አለ?"

"አትጠልቅም እኮ! ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ አለች።"

"ታዲያ መቼ ነው የምትተኚው?"

ይሄኔ ተማሪዎቹም ድፍረት አገኙ። ሽንት ቤቱ አይበርድም ወይ? ፔንግዊን ይሸታል ወይ? "በጣም እንጂ! አፍንጫ ይሰነፍጣል" አለች። ጽሑፏን አጥፋ ኪሷ ከተተችና አርባ ደቂቃ ሙሉ ስትመልስ ቆየች። ሲያበቃ፣ አንዱ ተመራማሪ የሰጣትን ጥንታዊ የበረዶ ስባሪ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጨምራ ማይክሮፎኑን አስጠጋች። ለብዙ ሺህ ዓመት በረዶው ውስጥ ታፍኖ የኖረው አየር ጧ ጧ እያለ ሲወጣ አዳራሹ ድረስ ተሰማ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ፊልም ከመጀመሯ በፊት ተማሪዎች ዘንድ ሄዳ ምን ማወቅ እንደሚፈልጉ ትጠይቃለች። በረዶው ዘንድም ሁለቴ ተመልሳለች። ዛሬ ከባሏ የእንጨት ሥራ ቤት ጎን ግድግዳዋ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ጠባብ የመቅጃ ክፍል አላት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መምህራን እየመጡ ድምፅ መቅዳትና ማቀናበር ይማራሉ። ልትቀዳ ስትል ግድግዳውን ሁለቴ ታንኳኳለች፤ መዶሻው ዝም ይላል።

"ጨረስሽ?" ይላል ባሏ ጥቂት ቆይቶ።

"ገና ነው! አሁን ጥያቄህንም ቀዳሁት" ትላለች፤ እየሳቀች እንደገና ትጀምራለች።