የጭቃው ጁምዓ

እናቴ ታማ የተኛች ጊዜ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ በየጁምዓው ብርቱካን ይዘው እየወረዱ የሚጠይቋት አንድ ሽማግሌ ሼኽ ነበሩ። እኛ የከተማ ክርስቲያኖች፣ እሳቸው የጥንት ጸሎት ቤት ጠባቂ። ከዳነች በኋላ ውለታቸው ከበደኝ። ግንበኛ ነኝና፣ በምን ልክፈል?

ቦታው በድሮ ዘመን ቀን በጦር ከተማዋን እየጠበቁ፣ ሌሊት እየሰገዱ፣ በመሀል ደግሞ እያረሱ የኖሩ ደረሶች፣ የቁርኣን ተማሪዎች፣ ርስት ነበር ይባላል። ዛሬ የቀረው አንድ ክብ የድንጋይ ቤት፣ የካብ አጥርና ጥቂት የብርቱካን ዛፍ ነው። ክረምት ሊገባ ሲል፣ በየዓመቱ አንድ ጁምዓ፣ ገበሬው ከየማሳው በሳፋ አፈር ይዞ ይመጣል። አፈሩ ከጭድ ጋር በእግር ይረገጣል፣ ቤቱም ይመረጋል። ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ልማድ ነው።

እኔ አዋቂ ነኝ ባይ፣ በየዓመቱ ከመልፋት ይገላገሉ ብዬ ግድግዳውን በሲሚንቶ ለሰንኩት፤ ያውም በነጻ፣ ያውም እየኮራሁ። ሼኹ አላህ ይስጥህ ብለው መረቁኝ።

በዓመቱ ብሄድ ልስኑ ሆዱን ነፍቷል። እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ድንጋዩን የያዘውን ጭቃ አላሽቆታል። ቤቱ ሌላ ክረምት እንደማይሻገር እኔም አላጣሁትም። ሼኹን የከፋቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ባለፈው የጭቃ ጁምዓ ብቻቸውን ነበር የዋሉት።

«ልጄ፣ አንተስ ለበጎ ነው የሠራኸው» አሉኝ። «ሰዉ ግን ከእንግዲህ ምን ሊሠራ ይምጣ?»

በማግስቱ መዶሻና መሮ ይዤ ወጣሁ፤ የገዛ ሥራዬን ስፈለፍል ሁለት ሳምንት ፈጀሁ። እሳቸው በየመንደሩ መልእክት ላኩ። ሰው አንዴ ከተወ ተወ ነውና ማንም ባይመጣስ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ጁምዓ ረፋድ ላይ መጡ፤ ሳፋቸውን ተሸክመው። የተቦጫጨቀውን ግድግዳ ሲያዩ ግን ቀጥ አሉ። አንዲት አሮጊት የአባቶቻችንን ቤት እንዲህ ያደረገው ማነው ብለው ጠየቁ።

«እኔ ነኝ» አሉ ሼኹ ከእኔ ቀደም ብለው። «እርጅና ነው፣ ተሳሳትኩ።»

ዋሽተው የማያውቁ ሰው! አላስቻለኝም።

«እሳቸው አይደሉም» አልኩ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

አሮጊቷ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና ሳፋቸውን እግሬ ሥር አስቀመጡ።

«እንግዲያው ጫማህን አውልቅና ርገጥ» አሉኝ።

ሱሪዬን ሰብስቤ፣ እያለቀስኩ ጭቃው ውስጥ ገባሁ።