የአባ ጭራ ሦስት እጆች

የቡና ጆንያ ላይ ቁጥር የሚጻፍበት ጥቁር ቀለም የራሱ ሽታ አለው። ናፍጣ ናፍጣ ይላል፣ የጫማ ቀለምም ይመስላል፤ ግን ሁለቱም አይደለም። ቡና በምለቅምበት መጋዘን በር ላይ ሰውየው የቀለሙን ጣሳ በከፈተ ቁጥር እጄ ቡናው ላይ ይቆማል። «ይቺ ደግሞ ዛሬም ተኛች!» ይሉኛል ሴቶቹ። ድሮም ሰው ፊት አፌ አይፈታም። በልጅነቴ አፌን የሚፈታልኝ አንድ ጉሬዛ ብቻ ነበር።

ስሙ አባ ጭራ ነው። ከጅሬን ኮረብታ በታች፣ ዛፍ ላይ የምናያቸው ዓይነት ጥቁርና ነጭ ጉሬዛ ነው፤ ግን የሚኖረው ወረቀት ላይ ነበር። ሲኒማችን እሱ ነበር። አንድ የጫማ ካርቶን በፊቱ በኩል በመስኮት ቅርጽ ይቀደዳል፤ በጀርባውም እንደዚሁ። ከላይና ከታች እንጨት ይገባበታል። በዱቄት ሙጫ የተቀጣጠለ ረጅም ወረቀት ላይ ሥዕሉ ተራ በተራ ይሳልና ባንዱ እንጨት ይጠቀለላል። ሌላውን እንጨት ስታዞሪው ሥዕሉ እየተከታተለ በመስኮቱ ያልፋል። የልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ሱቅ ጓዳ ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያህል ቀዳዳ አለ። እሁድ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐይ በዚያ ቀዳዳ ትገባለች። ካርቶኑን እዚያ አስጠግተን ስናቆመው ብርሃኑ ከኋላ በወረቀቱ ያልፍና አባ ጭራ ነፍስ ይዘራል። መግቢያው አንድ አንጓ ሸንኮራ ነበር።

አባ ጭራን መጀመሪያ የሳለው አጎቴ ነው። አጎቴን አላስታውሰውም፤ እኔ ሳላውቀው ለዘመቻ ሄዶ ቀርቷል። የደረስኩበት ጥቅልሉ ነው። በከሰል የሳለው አባ ጭራ ቀጭን ነበር፤ እጆቹ ረጃጅም፣ ጭራው እንደ ክር። በቆሎ ይሰርቃል፣ ያመልጣል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ከሰሉ ስለተሻሸ እኔ ሳየው ጭጋግ ውስጥ የሚሄድ ይመስል ነበር።

ሁለተኛው የታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድም ጋሼ ቀለሙን ከቡና መጋዘን በጣሳ ክዳን ለምኖ ያመጣል። የእሱ አባ ጭራ ሆዱ ክብ ነው። ሚስት አለው፣ ሚስቱ ትቆጣዋለች። የጭነት መኪና ላይ ይሳፈራል፣ ስኳር ለመግዛት ሰልፍ ይይዛል፣ ተራው ሲደርስ ስኳሩ ያልቃል። ጭራውም ሌላ ነው፤ ወፍራም ሆኖ ይወርድና ጫፉ ላይ እንደ ማጭድ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ያንን መታጠፊያ ወንድሜ እጁን ሳያነሳ በአንድ ትንፋሽ ነበር የሚስለው።

ሦስተኛው የእኔ ነው።

ዳኛችን የልብስ ሰፊው ልጅ ነበረች። በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። ከሲኒማው በኋላ ሸንኮራዋን እያኘከች ፍርድ ትሰጣለች። «የአጎትሽ አባ ጭራ ብልጥ ነው። የወንድምሽ ሆዳም ነው፣ ግን ያስቃል። ያንቺ...» ትልና አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታየኛለች። «ያንቺ ድመት ነው። ወላሂ ድመት ነው!» ልጆቹ ይንከተከታሉ። ወላሂ ካለች አለቀ፤ ለቀልድ እንኳ በውሸት ወላሂ ብላ አታውቅም። አባቷ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም።

እኔ መሳል የጀመርኩት ወንድሜ ስለሄደ ነው። ያን ዓመት ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ስም ሲያነብ የእሱም ስም ተነበበ። በሦስተኛው ቀን፣ ሳይነጋ፣ የአባቴ እህት ወዳለችበት ወደ ሸቤ ሄደ። አባቴ ቀደም ብሎ ነው የሞተው፤ እናቴ ያለችው ወንድ እሱ ብቻ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ቤታችን ድረስ መጣ። እማዬ መሬት መሬት እያየች፣ «ጥሎን ጠፋ፣ ጓድ። የት እንደገባ እኔም አላውቅ» አለችው።

«ቢገኝ እሱ ይዘምታል። የደበቀው ግን ይታሰራል። አንቺም ብትሆኚ» አላት።

እሱ ከሄደ በኋላ እማዬ በሩን ዘጋችና አገጬን ይዛ፣ «ሸቤ የሚባል አገር ሰምተሽ አታውቂም። ገባሽ?» አለችኝ። ገባኝ። ለልብስ ሰፊው ልጅ እንኳ አልነገርኳትም።

ከወንድሜ ጥቅልል የመጣው ከወራት በኋላ ነው። አንድ ሐሙስ አክስቴ ለገበያ መጣች፤ ከቅርጫቷ ሥር፣ ከጎደሬው በታች፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ገና ሳልፈታው የቀለሙ ሽታ ነገረኝ። አዲስ አባ ጭራ! ሆዱ ያው ክብ፣ ጭራው ያው ማጭድ። ወረቀቱ ግን ወፈር ይል ነበር፤ ሁለት ወረቀት ጀርባ ለጀርባ የተጣበቀ ነው። ለምን እንዲህ እንዳደረገ አላሰብኩም።

«አይተሽ አስቀምጪው» አለች እማዬ። «ለሰው እንዳታሳዪ።»

አስቀመጥኩት። ሁለት እሁድ ቻልኩ። በሦስተኛው እሁድ የእኔን ጥቅልል ስይዝ የልብስ ሰፊው ልጅ ከሩቅ «ሚያው!» አለች፤ ሁሉም ተቀብለው «ሚያው፣ ሚያው!» አሉ። ተመልሼ ቤት ገባሁና የወንድሜን ጥቅልል በቀሚሴ ሥር ይዤ ወጣሁ። እሱ ከዚያ ሩቅ ቦታ ሆኖ እንኳ ሊያስቃቸው እንደሚችል እንዲያዩ ፈለግሁ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ገና ሦስተኛው ሥዕል ላይ ሳቁ ጓዳውን ሞላው። የልብስ ሰፊው ልጅ ብቻ አልሳቀችም። የመጀመሪያው ጭራ ሲያልፍ ዓይኗን አንስታ አየችኝ። እኔ በኩራት ተወጥሬ ነበርና አለመሳቋ ሽንፈት መሰለኝ።

በዚህ መሐል ከሱቁ በኩል የአባቷ ድምፅ መጣ። «ኮቱ፣ ጓድ፣ ይግቡ፣ ይግቡ። ሱሪዎ አንድ ስፌት ነው የቀረው፤ አረፍ ይበሉ።» ወዲያው መጋረጃው ተገለጠ። ሊቀመንበሩ ነው፤ ካኪ ልብሱ የበሩን ብርሃን ሸፈነው። ልጆቹ ተነስተው ቆሙ።

«ቁጭ በሉ። ምንድነው ይሄ ሁሉ ሳቅ?»

«ሲኒማ ነው፣ ጓድ!» አለች አንዷ ትንሽ።

«ሲኒማ?» በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። «እስቲ ቀጥይ።»

እንቢ ማለት አልቻልኩም፤ ሰው እንቢ ብዬ አላውቅማ። አዞርኩ። በወንድሜ ታሪክ አባ ጭራን ነብር ይፈልገዋል፤ አባ ጭራ የቡና ጆንያ ውስጥ ገብቶ ዓይኑ ብቻ ይታያል። በእኔ አፍ የሚነገረው ግን ሌላ ሆነ።

«አባ ጭራ ደክሞት... ጆንያ ውስጥ ተኛ» አልኩ።

«ተኝቶ ነው እንዴ? ተደብቆ ነው እንጂ!» አለች ያቺው ትንሽ። «ዓይኑ ፈጦ የለ!»

«ዓይኑን ከፍቶ ነው የሚተኛው» አልኩ። ሊቀመንበሩ ሳቀ። እኔም ተነፈስኩ፤ አዞርኩ።

የሚቀጥለው ሥዕል ላይ አባ ጭራ ከጆንያው ወጥቶ ሆዱን ገልብጦ ተዘርግቷል። ፀሐይዋ ከኋላ ስትመታው ሆዱ መሐል ላይ ሐምራዊ ክብ ነገር ብቅ አለ።

«እምብርት አወጣ!» አሉ ልጆቹ። «አባ ጭራ እምብርት አለው!»

እምብርት አልነበረም። ማኅተም ነበር። ቤት ውስጥ ሳየው አይታይም ነበር። ወንድሜ ወረቀት አጥቶ በቡና መግዣው የተጣለ ደረሰኝ ባዶ ጀርባ ላይ ስሎ፣ ማኅተም ያለበትን ገጽ ለመሸፈን ሌላ ወረቀት ለጥፎበታል። እሱ ተደብቆ በሚስልበት ጎተራ ፀሐይ አይገባም። ሲኒማችን የሚታየው ከኋላ በሚመጣ ብርሃን መሆኑን ረስቶታል፤ ወይም እኔ ብቻዬን በእጄ ይዤ የማየው መስሎታል። ፊደሎቹ ተገልብጠው ነበር፤ አራተኛ ክፍል ነበርኩና ተገልብጠውም አነበብኳቸው። ሸቤ።

ሊቀመንበሩ ከበርጩማው ወደ ፊት ጎንበስ አለ።

ተነስቼ ቀዳዳው ላይ ቆምኩ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ፀሐይዋ ጀርባዬን ስታሞቀው፣ መስኮቱ ጨለማ ሲሆን ብቻ ነው የታወቀኝ።

«ምን ሆነሽ ነው? ዞር በይ እንጂ» አለ።

እንጨቱን እንደያዝኩ፣ ሳልንቀሳቀስ፣ ሁለት ሥዕል አሳለፍኩ። ከዚያ ዞር አልኩ። መስኮቱ ላይ ነብሩ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ሊቀመንበሩ ነብሩን አላየም። እኔን ነበር የሚያየው። «ወንድምሽ ሥዕል ይስል አልነበር? ይሄ የእሱ እጅ አይደለም?»

ልጆቹ ሁሉ፣ እንደ ልማዳቸው፣ ወደ ዳኛቸው ዞሩ።

የልብስ ሰፊው ልጅ ሸንኮራዋን ከአፏ አወጣች። «የእሱ? የእሱ እኮ ያስቃል፣ ጓድ። ይሄ የሷ ነው። አያዩትም፣ ድመት ነው የሚመስለው!»

የሳቀ የለም። ሌላ ጊዜ «ድመት» ስትል ሁሉም ይንከተከቱ ነበር፤ አሁን ግን ያችን ቃል የሰማ ልጅ ሁሉ እግሩን ያያል።

«አንቺ ነሽ የሳልሽው?» አለኝ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ከደብተሩ አንድ ገጽ ገነጠለ። «በይ እዚህ ሳዪልኝ። አሁን።»

በርጩማው ላይ ወረቀቱን ዘርግቼ ተንበረከክሁ። ከሱቁ የስፌት መኪናው ድምፅ ይመጣ ነበር፤ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይሮጣል። ሆዱን ሳልኩ። እጆቹን ሳልኩ። ጭራው ላይ ስደርስ መኪናው ቆመ። ስንት ደብተር የጨረስኩበት ጭራ ነው፤ አንድም ቀን ሆኖልኝ አያውቅም። ትንፋሼን ያዝኩና እጄን ሳላነሳ አወረድኩት። ጫፉ ላይ ታጠፈ። ማጭድ ሆነ። ወንድሜ ትከሻዬ ላይ ሆኖ እጄን የያዘኝ መሰለኝ።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አነሳ። አንዴ ሥዕሉን፣ አንዴ እኔን አየ። ብዙ አየ። ከዚያ ለአራት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። «ለልጄ እወስድላታለሁ» አለ። መጋረጃው ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ «ወንድምሽ ብቅ ካለ ንገሪው፤ ስሙ እኔ ጋ ነው» አለኝ። ከሱቁ ስለ ሱሪው ሲያመሰግን ሰማሁት።

የልብስ ሰፊው ልጅ ካርቶኑን ከቀዳዳው አነሳችና ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ሂጂ ቤትሽ» አለችኝ። ደጃፋችን ስደርስ ነው የታወቀኝ። ለሊቀመንበሩ ስትናገር ወላሂ አላለችም ነበር።

ለእማዬ ነገርኳት። አልመታችኝም፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ጥቅልሉን ከእንጨቱ ፈታ ከጫፉ ጀምራ ምድጃ ውስጥ መመገብ ጀመረች። ቀለሙ ሲቃጠል እሳቱ ይንጣጣ ነበር። እኔ ዳር ቆሜ አያለሁ፤ ስኳር፣ ጆንያ፣ ነብር፣ እምብርት። ሊያልቅ ሲል ያላሳየሁት የመጨረሻው ሥዕል መጣ። አባ ጭራ ዛፍ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል፤ ጭራ የለውም። በጭራው ቦታ በወንድሜ ጽሑፍ፣ «ይሄን አንቺ ጨርሺው» ይላል።

«እማዬ፣ እሱን ተይልኝ» ማለት ፈለግሁ። ሊቀመንበሩ ፊት እንኳ የተናገረ አፌ ያን ጊዜ አልከፈት አለ። እሳቱ ከቅርንጫፉ ጀመረ።

በሚቀጥለው ሐሙስ እማዬ ለአክስቴ፣ «ሥዕል የሚባል ነገር እንዳይነካ ንገሪልኝ» አለቻት። እሱም አልነካም። ከዚያ በኋላ ሁለት የቡና ለቀማ አለፈ። እኛ አላስያዝነውም፤ መንገድ ዳር ቡና ሲጭን ከሌሎች ልጆች ጋር ታፍሶ ነው የሄደው። ከሰሜን አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ሰላምታ ብቻ፣ ከዳር እስከ ዳር ፊደል። ገልብጬ በፀሐይ አየሁት፤ ምንም አልነበረበትም። መንግሥት ሲለወጥ ከየጦር ሜዳው የተረፉት ሲመለሱ እማዬ መናኸሪያ እየሄደች ትቆም ነበር። አሁን አትሄድም።

ከሦስቱ አባ ጭራዎች የአጎቴን አይጥ በላው፤ የወንድሜ የቀድሞዎቹም ቤት ስንለቅ ዝናብ መታቸው። የቀረ ካለ ያ ለአራት የታጠፈው ነው፤ አንድ ቦታ፣ አንዲት አሁን ትልቅ የሆነች ልጅ ቤት።

የልብስ ሰፊው ልጅ ዛሬ ከእኔ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ቡና ትለቅማለች። «ተኛች» እያለች ቀድማ የምትጮኸው እሷ ናት። ስለዚያ እሁድ አንስተን አናውቅም። ባለፈው ሳምንት ግን ምሳ ሰዓት ላይ ጣሳው ተከፍቶ ቀረ። ጣቴን ነክሬ ባዶ ጆንያ ላይ ጭራ አወረድኩ፤ ጉሬዛ የሌለው ጭራ ብቻ። ጫፉ ታጠፈ።

መጥታ ከበላዬ ቆመች። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ እንደ ድሮዋ፣ ቆይታ አየችው።

«የማን ነው?» አልኳት።

«የእሱ ነው» አለች።

ወደ ቦታዋ ተመልሳ ተቀመጠች። ድንጋይ ከቡና ትለይ ጀመር። እኔ ጣቴ ላይ ቀለሙ እየደረቀ ጠበቅኋት።

«ወላሂ» አለች፣ ቀና ሳትል።