ከደበሎ የተሠሩ በጎች

ሞጣ ቤት ተከራይቼ የመጀመሪያውን ገና ሳከብር የመሥሪያ ቤቴን ሰዎች ጠራሁ። ስልኬ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ እየቆረጡ የበዓል ጌጥ የሚሠሩ ሴቶች አይቼ ልቤ ሸፍቶ ነበርና፣ ቢቸና ለአባቴ ደወልኩ።

«አባየ፣ ያ የተማሪ ቤት ደበሎዎ አለ?»

«አለ። ለምንሽ ነው?»

«የገና ጌጥ ልሠራበት።»

ደበሎ ጸጉሩ ያልተነቀለ የበግ ቆዳ ነው። አባቴ ዛሬ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ተማሪ ሳሉ ግን ያንን ለብሰው በየደጁ ቁራሽ ለምነዋል። እምቢ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር።

«እኔው ይዠው እመጣለሁ እንጅ አንችማ ታበላሽዋለሽ» አሉ።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ደበሎውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው በሚኒባስ መጡ። የእኔን የልጅነት ቀይ ሹራብም ጨምረውበታል። መቀስ ሳነሣ ተቆጡ፤ ጸጉሩ እንዳይረግፍ ቆዳው ከጀርባው በምላጭ ነው የሚቆረጠው። እሳቸው ሲቆርጡና ሲሰፉ እኔ ሹራቡን ተርትሬ ማንጠልጠያ ገመድ ገመድኩ። በልመና ጊዜ ውሻ የቀደደው ጠርዝ እንኳ አልተጣለም፣ ለጆሮ ሆነ። የመጀመሪያዋን በግ ሆዷን በጨርቅ ጠቅጥቀው፣ «እኔ ለብሸው ጠግቦ የማያውቅ ቆዳ ዛሬ ጠገበ» ብለው ሳቁ። አምስት በጎች ወጡን። ከካርቶን ግርግም ሠርተን ዙሪያውን አንጠለጠልናቸው።

የገና ዕለት እንግዶቹ መጡ። አለቃዬ ገና ሳትቀመጥ አንዷን በግ በእጇ ያዘች።

«ውይ ሲያምሩ! ከየት አገኘሻቸው?»

አባቴ ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡና ፈገግ ብለው አዩኝ። ሊያወሩ ተዘጋጅተዋል። ስለ ደበሎው፣ ስለ ልመናው፣ ስለ ውሻው።

«ከባሕር ዳር ገዝቼ ነው» አልኩ።

አምልጦኝ ነው ብል ደስ ባለኝ። አላመለጠኝም። አባቴ በእነዚያ ሰዎች ፊት «ለማኝ ነበርኩ» እንዳይሉ ፈርቼ፣ በእሳቸው አፍሬ ነው።

«ባሕር ዳር የት?» አለች አለቃዬ። «እኔም እፈልጋለሁ።»

የአንዷን በግ ገመድ ማስተካከል ያዝኩ። አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ገበያው አጠገብ ካለች ትንሽ ሱቅ ነው» አሉ። «አብሬያት ነበርሁ። አሁን ግን ያለቀ ይመስለኛል።»

ከዚያ ስለ መኸሩ ጨዋታ አመጡ። እንግዶቹ በልተው፣ ጠጥተው እስኪሄዱ አጫወቱልኝ። እኔ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

በማግስቱ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ይቅርታ ልል መንገዱን ሙሉ ቃል ስፈልግ ነበር፤ ያገኘሁት «ቤት እንደገቡ ይደውሉልኝ» የሚለውን ብቻ ነው።

«ይዘገይብሻል» አሉ። «መጀመሪያ ንስሐ አባቴ ዘንድ ጎራ እላለሁ።»

«በበዓል ማግስት? ለምን አባየ?»

«ትናንት ዋሽቻለሁ፣ ልጄ» አሉና ሚኒባሱ ውስጥ ገቡ።