በቁጥር ፋንታ የተሣለው ሾላ

ባለፈው ሰኞ ልጄ ሜሮን ላፕቶፗን ምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሙዙ ሳህን አጠገብ ዘርግታ «አባዬ፣ እስኪ ና ይህን እየው» አለችኝ። ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው። የያዘችው ጥናት የድሮ የወንዝ መዝገቦችን ለኮምፒዩተር እያስጠኑ ጎርፍ ሳይመጣ እንዲናገር ማድረግ ነው። እሷ እንደምትለው ዛሬ የሒሳቡም፣ የፊዚክሱም፣ የሕይወት ሳይንሱም ሰው ሥራው ኮምፒዩተር ማስተማር ሆኗል፤ ኮከብ የሚቆጥረውም የወባ ትንኝ የሚያጠናውም ከአንድ ማዕድ ይቆርሳሉ። አዲስ የወጣ ምርምር ባገኘች ቁጥር ምሳ ላይ ታነብልኛለች። እኔም ግማሹ ሳይገባኝ ራሴን እነቀንቃለሁ። ከጡረተኛ የውሃ ቴክኒሻን ከዚህ በላይ አይጠበቅም።

ስክሪኑ ላይ የነበረው ዳሩን አይጥ የበላው የድሮ ቅጽ ፎቶ ነው። ከላይ እስከ ታች በእርሳስ የተጻፉ ቁጥሮች ተደርድረዋል። አንዱ ሳጥን ውስጥ ግን ቁጥር የለም፤ ትንሽ ዛፍ ተሥሎ በግንዱ ላይ አግድም ጭረት ተሰምሮበታል። በዛፉ ላይ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ቁጥር ተጽፎበታል።

«ኮምፒዩተሩ ነው የጠረጠረው» አለች። «ቀዩ ቁጥር ከበፊተኛውና ከኋለኛው ልክ መሐል ላይ ነው። ወንዝ እንዲህ ተስተካክሎ አይወጣም አይወርድም። ዋናውን ቅጽ ስፈልግ ይህን አገኘሁ። ዛፉ ምንድን ነው?»

ተነሥቼ በረንዳ ወጣሁ። ከምንኖርበት ከሴቻ ሰፈር አፋፍ ሲታይ የአባያ ሐይቅ እንደ ሁልጊዜው ደፍርሶ፣ ቀላ ብሎ ተኝቷል። ቀዩ ጽሕፈት የእኔ ነው።

ነገሩ የሆነው በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። ከደብረ ማርቆስ መጥቼ፣ ዲፕሎማዬን ይዤ፣ እዚሁ አርባ ምንጭ ተቀጥሬ ነበር። ሥራዬ የወንዝ ከፍታ መለኪያዎችን መከታተል ነው። መለኪያ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሴንቲ ሜትር የተጻፈበት፣ ሁለት ሜትር የሚሆን የብረት ዘንግ ወንዙ ዳር ይቆማል። አንድ የአካባቢው ሰው ጧትና ማታ ወርዶ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር ቅጽ ላይ ይጽፋል። እኔ በወር አንዴ በሞተር ብስክሌት ሄጄ ቅጹን እሰበስባለሁ። ገበሬው «ኢንጅነር» ይለኛል፤ እኔም አላርመውም።

የሃሬ ወንዝ አንባቢ አቶ ሻንካ የሚባሉ የላንቴ መንደር ገበሬ ነበሩ። ቁጥር የለዩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ፊደሉ ብዙም አልገፋላቸውም፤ ቁጥር ላይ ግን የሚደርስባቸው አልነበረም። ሠርግም ሆነ ለቅሶ ከወንዙ አያስቀራቸውም፤ የአምስት ቁጥርን አንገት እንኳን እንደ ሰንበት ልብስ ተጠንቅቀው ነበር የሚጽፉት። እኔ በዚያ ዕድሜዬ እንዲህ ያለውን ትጋት ንቄ ነበር የማየው። የተማረ ሰው ሲጀምረው መናቅ ነው የሚቀናው።

ቤታቸው ስደርስ ልጃቸው አማረች ኩርኩፋ ታቀርብልኛለች፤ የበቆሎ ዱቄት ድብልብሉን ከሽፈራው ቅጠል ጋር ቀቅላ፣ በዳጣ። ዳጣው ለእኔ እሳት ነው፤ ስበላ እንባዬ ይወርዳል።

«ኢንጅነር፣ እንባህን ወንዛችን ውስጥ እንዳትጨምር» ትለኛለች። «አባቴ መለካት ያቅተዋል።»

ሳቋ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አንድ ሚያዝያ ቅጽ ልሰበስብ ስሄድ ያ ሳጥን ቁጥር አልነበረበትም። ዛፉን አየሁና ሳቅሁ። አቶ ሻንካ አልሳቁም።

«ውሃ መጣች፣ ዘንጉን በሙሉ በላች» አሉኝ። «ቁጥር የለም። ቁጥር ከሌለ ምን ልጻፍ? ሾላው ላይ ስትደርስ አየሁ። በገጀራ ምልክት አደረግኩ። ና፣ ላሳይህ።»

ወሰዱኝ። ከመለኪያው ከፍ ብሎ፣ ከወንዙ ዳር ራቅ ያለ ትልቅ ሾላ ነበር። ግንዱ ላይ ከእኔ ራስ በላይ የገጀራ ምልክት አለ፤ ከቁስሉ ነጭ ደሙ ወርዶ ደርቋል። ቀና ብዬ አየሁትና አላመንኩም። ውሃው እዚያ ከደረሰ ላንቴ በሙሉ ተጥለቅልቋል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። እሳቸውም ያንኑ ሊነግሩኝ ነበር ለካ፤ የታችኛው ማሳ ሦስት ቀን ውሃ ውስጥ ሰንብቷል፤ ያኔ ግን ቤት አልነበረበትም።

«ሜትር ይዘሃል፣ ለካው» አሉኝ።

ሜትሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። መሬቱ ጭቃ ነው፤ ጫማዬ አዲስ ነው፤ ሲቀላ ሰፈር ደግሞ ጓደኞቼ አሣ አስጠብሰው እየጠበቁኝ ነበር። «በሚቀጥለው እለካዋለሁ» ብዬ ሞተሬን አስነሣሁ። የዚያን ቀን አሣው ጥሩ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ለምን እንደማይረሳ አላውቅም።

በበጋው ከአዲስ አበባ አንድ የውሃ ምሕንድስና ዶክተር ኮምፒዩተር ጭነው መጡ። ለላንቴ የጎርፍ መከላከያ ሊሠራ ታስቦ ቁመቱን በስሌት የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። የዓመታቱን ቅጽ ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት ለእኔ ተሰጠኝ። እንዴት እንደኮራሁ! በቢሮው በዚያ ቁልፍ ላይ ጣቴን ያሳረፍኩ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ጸሐፊዋ እንኳን በሩ ላይ ቆማ ነበር የምታየኝ።

ፕሮግራሙ ባዶ ሳጥን አይቀበልም፤ ባዶ ሲያገኝ እየጮኸ ይቆማል። ዶክተሩ «አንድ ሁለት ቀን ከጎደለ የግራና ቀኙን አማካይ ውሰድ። ግራ የሚያጋባ ነገር ካጋጠመህ ግን ጥራኝ» ብለውኝ ነበር። ዛፉ ጋ ስደርስ ልጠራቸው ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ምን ልበላቸው? «አንድ ገበሬ ዛፍ ሥሏል፤ እኔም ሄጄ አይቼ ሳልለካው መጣሁ» ልበል? አፈርኩ። የበፊቱንና የኋላውን ደምሬ ለሁለት አካፈልኩ። በቀይ እስክሪብቶ ዛፉ ላይ ጻፍኩት፤ ኮምፒዩተሩም መጮኹን ተወ። ሥዕሉን ለጓደኞቼ ሳሳያቸው ሻይ እስኪፈስ ድረስ ሳቁ።

የአፈር መከላከያው ተሠራ። ዶክተሩ የተሳሳቱት ነገር የለም፤ የሰጠኋቸውን ቁጥር ነው ያሰሉት። በግንባታው ጊዜ አቶ ሻንካ ከክምሩ አጠገብ ቆመው ወደ ሾላው፣ መልሰው ወደ ክምሩ አዩ።

«ኢንጅነር፣ ምልክቱ ከዚህ ይበልጣል» አሉኝ።

«በኮምፒዩተር የተሰላ ነው፣ አባቴ» አልኳቸው።

ቅጻቸውን ይዘው ወደ ዘንጉ ወረዱ። ለኮምፒዩተር ምን መልስ ይሰጣል?

አማረች በዚያ ዓመት ቶማስ የሚባል ጎረምሳ አግብታ ነበር። ከመከላከያው ሥር ያለው መሬት ለም ነው፤ ድሮ ጎርፉን ፈርተው ቤት የማይሠሩበት። አንድ ቀን ቅጽ ልወስድ ስመጣ መንገድ ላይ ጠበቀችኝ። አርግዛለች።

«ኢንጅነር፣ አባቴ እዚያ አትሥሩ ይላል። ባሌ ደግሞ መንግሥት ግድብ ሠርቷል፣ ምን ትፈራላችሁ ይላል። አንተ ታውቃለህ። ብንሠራ ውሃ አይመጣም?»

«አይመጣም። ሥሩ» አልኳት።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ያች ቃል ከአፌ ስትወጣ እንኳን አላስተዋልኳትም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እንደገና በሚያዝያ፣ ላንቴ ላይ ፀሐይ ጠራርታ ሳለ ጨንቻ ተራራ ላይ ጠቁሮ ዋለ። የሃሬ ክፋቱ ይኸው ነው፤ ዝናቡን ሌላው ያየዋል፣ ውሃው ለቆላው ሰው ይመጣል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ወንዙ መከላከያውን ከላይ ዘሎ፣ ከዚያም ራሱን መከላከያውን ገምሶ ወረደ። ቶማስ ገበያ ነበር። አማረች ልጇን አዝላ ቤት ውስጥ ነበረች። በሦስተኛው ቀን ወደ አባያ በሚወስደው መንገድ፣ የወደቀ ሙዝ ውስጥ አገኟት። ልጁ ከጀርባዋ አልወረደም። አንቀልባውን አጥብቃ አስራው ነበር።

ሾላውም ተነቅሎ ሄዷል። የነበረበትን ቦታ ቆሜ አየሁት፤ ጉድጓድ ብቻ ነው፣ ውሃ ያቆረ።

በጋሞ አገር እንዲህ ያለ መከራ እንዲያው አይመጣም ይባላል። የተደበቀ በደል፣ እነሱ ጎሜ የሚሉት፣ አለ ማለት ነው። ሽማግሌዎች ዱቡሻ በሚባለው መሰብሰቢያ ሜዳ ላይ ይቀመጣሉ፤ የበደለ ይነሣል፣ ይናገራል፣ ይቅር ይባላል። ያልተነገረ ከሆነ ግን መከራው ይመለሳል። ለለቅሶ ከአለቃዬ ጋር ሄድን፤ ሳሩ ላይ ከጠርዝ ተቀመጥን። የመንደሩ አስተማሪ አጠገቤ ሆኖ ጋሞኛውን በአማርኛ ይነግረኝ ነበር።

አንዱ ድንበር ገፍቼ ነበር አለ። አንዷ ሴት አማቷን መስደቧን ተናገረች። ከዚያ አቶ ሻንካ ተነሡ። በአንድ ሳምንት ሰውነታቸው አልቋል። ቀስ ብለው ተናገሩ፤ አስተማሪው ጆሮዬ ላይ ተረጎመልኝ።

«ጎሜው የእኔ ነው ይላሉ። መንግሥት ቁጥር ጻፍ ብሎኝ ነበር፤ አንድ ቀን ቁጥር አልጻፍኩም። ዛፍ ሣልኩ። ዛፍ ማን ያነባል? እኔ ቁጥር ብጽፍ ኖሮ ግድቡ ያድግ ነበር። ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ ይላሉ።»

እንባዬ መጣ፤ ያለ ዳጣ። ሽማግሌው ሕዝቡን እየዞሩ አዩና አንድ ጥያቄ ጠየቁ። አስተማሪው «ሌላ የሚናገር አለ ወይ ነው የሚሉት» አለኝ። አለቃዬ ሰዓቱን አየ። ብነሣ ምን እሆን ነበር? ከሥራ እባረራለሁ፣ ምናልባት እታሰራለሁ። በዚያች ቅጽበት ያሰብኩት አማረችን አይደለም፤ ደመወዜንና ደብረ ማርቆስ ያለችውን እናቴን ነው። ዝም አልኩ።

ሽማግሌዎቹ አቶ ሻንካን መረቋቸው፤ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ተቀበለ። እሳቸው ስለ እኔ በደል ይቅር ተባሉ።

አቶ ሻንካ ከዚያ በኋላም አዲስ በተተከለው ዘንግ እስኪሞቱ ድረስ ጧትና ማታ አነበቡ። ከልጃቸው ሞት በኋላ ባመጡት ቅጽ ላይ አንዲት ሥዕል የለችም። እኔም በየወሩ ሄጄ ተቀበልኳቸው፤ አንድም ቀን አልነገርኳቸውም። ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሬ ሰው። ውሸት ነው። ይነቅዛል፤ ዱቄቱ ሲወርድ የሚያየው ግን ባለቤቱ ብቻ ነው።

ከበረንዳው ተመልሼ ለሜሮን ሁሉንም ነገርኳት። ለእናቷ እንኳን ተናግሬው የማላውቀውን። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች።

«ታዲያ እውነተኛው ስንት ነበር?» አለችኝ።

«አላውቅም። አልለካሁትም።»

«በግምትስ?»

«ከራሴ በላይ። ምን ያህል በላይ እንደሆነ አላውቅም።»

ቀዩን ቁጥር ከሠንጠረዡ ላይ አጠፋችው። ሳጥኑ ነጭ ሆነ። ኮምፒዩተሩ ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጮኸም።

«ባዶ ይቀበላል እንዴ?»

«የዛሬዎቹ ይቀበላሉ» አለች። ከዚያ፣ ፊቴን ሳታይ፣ «የሰውየው ዘመድ የሆነ ሰው በሕይወት አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

የሙዙን ሳህን አየሁ። በየቅዳሜው ከላንቴ በጋሪ እያመጣ በራችን ላይ የሚያወርድልን፣ ከከፈልነው በላይ ሁለት ሦስት ፍሬ ምርቃት ሳይጨምር የማይሄድ ሽበታም ደንበኛችን አለ። ሜሮን ከልጅነቷ ጀምሮ ከእጁ ተቀብላ ስትበላ ነው ያደገችው። እኔን «ኢንጅነር፣ ደኅና ሰነበቱ?» ይለኛል፤ ለምን እሱን ብቻ ቆሜ እንደምቀበለው ጠይቆኝ አያውቅም።

«ቶማስ ነው» አልኳት።

እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሣች። ይህን የምጽፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። የላንቴ ጋሪዎች ነገ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ሴቻ ይደርሳሉ።