ጋሼ ጀማነህ አረፉ

ጋሼ ጀማነህ መሞት ፈልገው አያውቁም፤ የሚፈልጉት ስለ ሞት ማውራት ነው። ኮሎምበስ ዳር ባለችው ዌስተርቪል የትምህርት ቤት አውቶብስ ሲነዱ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ አንድም ቀን ከሥራ ቀርተው አያውቁም ነበር። ምኞታቸው ሲሞቱ እዚሁ ኮሎምበስ መቀበር ነው። የኛ ሰው ደግሞ አስከሬን አገር ቤት መላክ ይወዳል። «እዚያ ማን ቀረኝና?» ይሉናል። «እዚህ ከሆንኩ ልጄ ወደ ሥራ ስትሄድ ‹ሃይ ዳዲ› ብላኝ ታልፋለች።»

ይህን ለኛ ይነግሩናል እንጂ ለሚስታቸው ጀምረው ጨርሰው አያውቁም። «እኔ የሞትኩ እንደሆን…» ሲሉ እትዬ ፋንታዬ «ጠላትህ ይሙት! አታሟርት!» ብለው ብድግ ነው። ሲሞቱ የሚቀብሯቸው ደግሞ እትዬ ፋንታዬ ራሳቸው ናቸው!

ባለፈው ማክሰኞ መኪናዬ አልነሳ አለችኝና ጋሼን ኮል አደረግኋቸው። ስልካቸውን ያነሳችው ልጃቸው ሔርሞን ናት። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ደህና ነው፣ አልፎ አልፎ ይሾልካል እንጂ።

«ጋሼ አሉ?»

«አባዬ አረፈ፣ እትዬ ቆንጂት።»

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«እናትሽስ?»

«ኢስተን ሞል፣ ሥራ ናት። አልሰማችም። ፕሊስ እንዳትነግሪያት፣ ትደነግጣለች።»

እስቲ ፍረዱኝ! ለካ ልጅቷ ጉንፋን ይዟቸው ከሥራ ቀርተው ዕረፍት ላይ ናቸው ማለቷ ኖሯል። ትልቅ ሰው «አረፈ» ሲባል እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። መርዶ ደግሞ ለሚስት በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ ነው። ስለዚህ ለጓደኞቻችን ደወልኩ። ለአሥራት ደወልኩ፣ ለፍቅረማርያም ደወልኩ፣ ለኡሚ ደወልኩ። ሰውም ለሰው ደወለ። እትዬ ፋንታዬ ከሥራ ሳይመለሱ ሃያ የምንሆን ሰዎች ጥቁር ለብሰን ደጃቸው ላይ ደረስን።

«ጋሼዬን! ጋሼዬን!» እያልኩ ከፊት የቀደምኩት እኔ ነኝ። በሩ ተከፈተ። ጋሼ ጀማነህ በፒጃማ፣ መሀረብ አፍንጫቸው ላይ ይዘው ቆመዋል።

«ማን ሞቶ ነው፣ ቆንጂት?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ!» አልኩና አቅፌ እየሳምኩ ተቆጣኋቸው። ደስታውም ንዴቱም አንድ ላይ መጣብኝ። አሥራት በሳቅ ብዛት ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሔርሞን ከውስጥ «አይ ሴድ ሂ ኢዝ ረስቲንግ! ዕረፍት ላይ ነው አልኩ እንጂ!» እያለች ትጮሃለች።

ጋሼም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «በሉ ግቡ፤ ሟቹ ራሱ ሻይ ያፈላላችኋል» አሉ። ገና ከመቀመጣችን እትዬ ፋንታዬ በሩን በርግደው ገቡ። መንገዱን የሞላውን መኪና አይተው ነው፤ ጫማቸውን እንኳ አንዱን ውጭ ጥለውታል። ባላቸውን ሶፋ ላይ ሲያዩ ምንጣፉ ላይ ዘፍ አሉ። ሳቃችን ቀጥ አለ።

ነገሩን ሁሉ ተናገርኩ፤ አፌ እየተያያዘ። ጋሼ ጎንበስ ብለው የሚስታቸውን እጅ ያዙ።

«ይቅር በዪኝ፣ ፋንቱ። ሁለተኛ ሞት የሚባል ነገር አላነሳም።»

«እንዲያውም ታነሳለህ!» አሉ እትዬ ፋንታዬ፤ እንባቸውን በነጠላዬ ጫፍ እየጠረጉ። «መኪናዎቹን ሳይ ሞተሃል ብዬ ቆረጥኩ። መጀመሪያ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? ‹የት ልቅበረው?› ነው ያልኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬህ ኖሬ መልሱን አላውቀውም! ልትነግረኝ ስትል አፍህን ስዘጋ ኖሬ።»

ጋሼ ሶፋው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው።

እትዬ ፋንታዬ ተነስተው አጠገባቸው ተቀመጡ። «በል ንገረኝ» አሉ። «ስትጨርስ ደግሞ የኔን ትሰማለህ።»