የሚስ ሞራግ ግዕዝ

ባቡር ውስጥ የረጠበ ሱፍ በሸተተኝ ቁጥር በስደት ወዳደግኩበት ሰፈር ወደ ጄን ኤንድ ፊንች፣ ወደ ስኮትላንዳዊቷ ጎረቤታችን ወደ ሚስ ሞራግ ሶፋ እመለሳለሁ። ሹራባቸውን ሂተር ላይ አስጥተው፣ ጌሊክ በሚሉት ያገራቸው ቋንቋ ግጥም ሊያነቡልን ነው። እኔ «የነሱ ግዕዝ ነው» ብዬ ለእማዬ አስረዳኋት። ድምፃቸው መስኮቱን እንደሚያጥበው ዝናብ ቀስ እያለ ይወርዳል። እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ቆማ አዳመጠች፤ ሲያበቁ «አሜን» አለች።

ሚስ ሞራግ ስቀው ስቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ጸሎት አይደለም» አሉኝ በእንግሊዝኛ። «ግጥሙ ውስጥ ያለችው፣ ልጆቿን በቋንቋዋ ስትጣራ በዚያው ቋንቋ የሚመልስላት ያጣች እናት ናት።»

ግማሹ አልገባኝም ነበር።

ዛሬም ሱፉ ሸተተኝ። አጠገቤ የተቀመጠችውን ልጄን «በረደሽ እንዴ፣ የኔ እናት?» አልኳት።

«አይም ፋይን፣ ማም።»

«አሜን» አልኩ፣ ቀስ ብዬ።